አዲስ ክፍለ ከተማ ለነዋሪው ነው ወይስ ለጨረታው?

አንድ አዲስ የአስተዳደር ክልል ሲቋቋም በቅድሚያ ዓይን የሚገቡት ነገሮች ሦስት ናቸው፤ ማኅተም፣ የበር ላይ ሰሌዳና በግድግዳ ላይ የሚሰቀል ካርታ። ማኅተሙ ለደብዳቤው፣ ሰሌዳው ለአላፊ አግዳሚው ነው። ካርታው ለማን እንደ ተሰቀለ ግን ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የተነሣነው ይህንኑ ካርታ ነው። ምክንያቱም በሀገራችን አንድ የወሰን መስመር ከአንዱ ጉብታ ወደ ሌላው በተዛወረ ቁጥር፣ ትናንት የማይሸጥ የማይለወጥ የነበረ የዳጉሳ ማሳ ነገ በካሬ ሜትር ተሸንሽኖ ለጫረታ ሲቀርብ እናያለን። ገበሬው ከቦታው አልተነሣም፤ ማሳውም አልተነቃነቀም፤ የተንቀሳቀሰው መስመሩ ብቻ ነው።

ባሕር ዳርን እንውሰድ። ከከተማይቱ ክፍለ ከተሞች መካከል ፋሲሎ፣ በላይ ዘለቀ፣ ጣና፣ አጼ ቴዎድሮስ፣ ዳግማዊ ምኒልክና ግሽ አባይ ይገኛሉ። ስሞቹ ሁሉ ከታሪክና ከተፈጥሮ የተወሰዱ ናቸው። ግሽ አባይ ስሙን ያገኘው በሰከላ ከሚፈልቀውና ግልገል አባይ ሆኖ ወደ ጣና ከሚወርደው ምንጭ ነው። ምንጩን ማንም በካሬ ሜትር ለክቶ ለጫረታ አላቀረበውም፤ ሕዝቡም እንደ ጠበል እንጂ እንደ ንብረት አያየውም። በስሙ የሚጠራው የከተማ ክልል ግን እንደ ማናቸውም የዘመናችን የከተማ ክልል የይዞታ መዝገብ፣ የቦታ ደረጃና የሊዝ መነሻ ዋጋ የሚነገርበት ነው። ይህን የምንለው ክፍለ ከተማውን ለመንቀፍ አይደለም። የከተማ ነዋሪ ውሃ፣ መንገድ፣ የፍሳሽ ቦይ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ይፈልጋል፤ እነዚህንም የሚያቀርብለት ቅርብ አስተዳደር ያሻዋል። ጥያቄያችን አንድ ነው፤ አስተዳደሩ ዋና ገቢውን ከመሬት ማግኘት በጀመረ ጊዜ፣ ነዋሪውን የሚያየው እንደ ባለቤት ነው ወይስ ቦታ እንደ ያዘበት ሰው?

ይህን ለመመለስ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይላል።

ጎጃሜ ስለ መሬት ያለውን አቋም የማያውቅ ካለ የ1960 ዓ.ም.ን ዓመፅ ያስታውስ። በዚያ ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲያወጣ፣ የሞጣ፣ የብቸናና የዳሞት ገበሬ መሣሪያ አንሥቶ ተነሣ። የተነሣው የግብሩ ገንዘብ ከአቅሙ በላይ ስለ ሆነ ብቻ አልነበረም። ለግብሩ ሲባል መሬቱ ይለካል፣ ተለክቶ ይመዘገባል፣ ተመዝግቦም ርስትነቱ ይጠፋል ብሎ ስለ ሰጋ ነበር። በደቡብ የቃላድ ልኬት ያመጣውን ያውቅ ነበር፤ በዚያ የተለካ መሬት በጋሻ እየተቆረጠ ለመኳንንትና ለባለሥልጣን ሲታደል፣ አራሹ በገዛ እርሻው ላይ ጭሰኛ ሆኖ ቀርቷል። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ በአውሮፕላንም መንደሮችን ደበደበ፤ በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዢውን አንሥቶ፣ የቆየ ውዝፍ ግብርንም ምሮ ገበሬውን ለማብረድ ተገደደ። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው ተረት በጎጃም የጎበዝ አለቃው የፖለቲካ መርሕ ነበር። ርስቱ ራሱ ከባላባታዊው ሥርዓት በደል ንጹሕ ነበር ማለታችን አይደለም፤ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩና በጣና ዳር የሚኖረው ወይጦ በርስት ቆጠራው ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም። ነገር ግን ገበሬው አንድ ሐቅ በሚገባ ተረድቶ ነበር፤ መለኪያውን የያዘ እጅ የመሬቱን ዕድል ይዟል።

ከዚያ የ1967 ዓ.ም. ሁለት አዋጆች መጡ። የካቲት 25 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ መሸጥን፣ ማከራየትን፣ በወለድ አግድ ማስያዝን ከለከለ፤ ለአንድ ቤተሰብም ከ10 ሄክታር የበለጠ እንዳይሰጥ ወሰነ። ሐምሌ 19 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። አንባቢ አንድ የቃል ልዩነት ልብ ይበልልን። የገጠሩ መሬት የተደረገው «የሕዝብ» ሲሆን፣ የከተማው ቦታ የተደረገው «የመንግሥት» ነበር። በጊዜው ይህ ልዩነት የአርቃቂዎች የቋንቋ ምርጫ እንጂ ሌላ ቁም ነገር ያለው አይመስልም ነበር። ዛሬ ግን የከተማው ወሰን ወደ ገጠሩ በገፋ ቁጥር ምን እንደሚሆን ስናይ፣ ቃሏ ከተራ ቃልነት በላይ ክብደት አላት።

የከተማው አዋጅ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 500 ካሬ ሜትር የሚደርስ የመኖሪያ ቦታ ፈቀደ፤ ዝቅተኛ የቤት ኪራዮችን ቀነሰ፤ ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶችን የነዋሪው ማኅበር እንዲያስተዳድር ሰጠ። ቀበሌ የሚባለው ድርጅት የተወለደው በዚህ ነው። ማኅበራቱ በቀበሌ፣ በከፍተኛና በማዕከላዊ ደረጃ ሲዋቀሩ የራሳቸው የፍርድ ሸንጎ ጭምር ተሰጣቸው። ቀበሌው ሲፈጠር ለቤት ሠራተኛዋ፣ ለዘበኛው፣ ለባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ወዛደር የታሰበ ነበር፤ መሬት ለመሸጥ አልነበረም። ኋላ ቀበሌው የአፈና መሣሪያ መደረጉን፣ ብዙ ቤተሰብም በዚያ ማዘኑን የማያውቅ የለም፤ የቀበሌ ቤቶቹም ያለ ጥገና መበስበሳቸውን፣ ቦታ ፈላጊው ለዓመታት ወረፋ መጠበቁን መካድ አይቻልም። በዋጋ ያልተመራ መሬት በትውውቅ ይመራ ነበር። ሐቁን ለመናገር፣ በኋላ ለመጣው የሊዝ ሥርዓት መንገዱን የጠረገው ይኸው ጉድለት ነው።

የሊዝ አዋጅ በ1986 ዓ.ም. ቁጥር 80 ሆኖ ወጣ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ ሊሸጥም ሊለወጥም እንደማይችል ደነገገ፤ ለገበሬውም መሬት በነፃ የማግኘትና ካለው ይዞታ ያለመነቀል መብት ሰጠ። የሊዝ ሕጉ በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 272፣ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 721 ተተካ። በ2004 ዓ.ም. አዋጅ የከተማ ቦታ የሚተላለፍበት መንገድ ጨረታና ምደባ ነበር። ለመኖሪያ 99 ዓመት፣ ከአዲስ አበባ ውጪ ላሉ ከተሞች ለኢንዱስትሪ 80፣ ለንግድ 70 ዓመት ተመደበ። ስለዚህ «መሬት ይሸጣል ወይስ አይሸጥም?» ተብለን ብንጠየቅ፣ መልሱ መሬቱ አይሸጥም፤ የሚሸጠው ዘመኑ ነው የሚል ይሆናል። የ99 ዓመት ዘመን ከገዢው ዕድሜና ከልጁ ዕድሜ በላይ ስለ ሆነ ግን፣ ለተራው ሰው ይህ ልዩነት በሕግ መጽሐፍ ውስጥ የሚኖር ልዩነት ነው።

አሁን ወደ መስመሩ እንመለስ። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ለገበሬው የይዞታ ደብተር መሰጠት ተጀመረ። ገበሬው ይህን ደብተር ከሣጥኑ ሥር፣ ከንስሓ ልብሱ አጠገብ ያስቀምጠዋል። በደብተሩ ላይ የተጻፈው የመጠቀም መብት የዘመን ገደብ የለበትም። የከተማው ወሰን ወደ ማሳው ሲደርስ ግን ያ መሬት ከገጠር መሬት ሕግ ወጥቶ ወደ ከተማ ሊዝ ሕግ ይገባል። የገጠር መሬት ለጨረታ አይወጣም፤ የከተማ ቦታ ይወጣል። በሁለቱ መካከል ያለው በር የአስተዳደር ወሰን ውሳኔ ነው። አዲስ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ ሳተላይት ከተማ፣ አዲስ የከተማ አስተዳደር በተባለ ቁጥር ያ በር አንድ ጊዜ ተከፍቶ ይዘጋል፤ ተከፍቶ በተዘጋበት ጊዜ ውስጥ ማን ገባ፣ ማን ወጣ የሚለውን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ዘጌ፣ መሸንቲና ጢስ አባይ በባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉ ሳተላይት ከተሞች ናቸው። የዘጌ ቡና የሚበቅለው በገዳማቱ ዛፎች ጥላ ሥር ነው፤ የመሸንቲ በቆሎ የሚደርሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ ነው። ደላላው ከመሐንዲሱ ቀድሞ ይደርሳል። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ በየትኛውም የከተማ ዳርቻ አንድ እሑድ መዋል ይበቃል።

ካሳስ? በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ለዘለቄታው ለተነሣ ገበሬ የዓመት ገቢውን 10 እጥፍ ይሰጠው ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ይህን ወደ 15 እጥፍ አሳደገው፤ ስሌቱም ባለፉት 3 ዓመታት ካገኘው ከፍተኛ ገቢ እንዲነሣ አደረገ። ይህም አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1336 ተሻሽሏል። እድገቱ እድገት ነው፤ አንክድም። ነገር ግን የሁሉም መሠረት አንድ ነው፤ ለገበሬው የሚከፈለው ለምርቱና ለለፋበት ንብረት እንጂ ለመሬቱ አይደለም። ምክንያቱም መሬቱ አይሸጥም።

ለአስረጂነት ብቻ ስሌት እናድርግ። አንድ ገበሬ ከአንድ ሄክታር በዓመት 100,000 ብር ያገኛል እንበል። በ15 ሲባዛ 1,500,000 ብር ይሆናል። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው፤ ከዚህ ውስጥ 4,000 ለመንገድ፣ ለቦይና ለአረንጓዴ ቦታ ቢወጣ 6,000 ይቀራል። በካሬ ሜትር 2,000 ብር ቢታሰብ 12,000,000 ብር ነው። ልዩነቱ ሁሉ ትርፍ ነው አንልም፤ ውሃው፣ መንገዱ፣ መብራቱ ገንዘብ ይበላል። ቢሆንም ገበሬው የተሰጠውን ካሳ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ይዞ ወደዚያው ጨረታ ቢመለስ፣ ከነበረው 10,000 ካሬ ሜትር ውስጥ ሊያገኝ የሚችለው 750 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ልጆቹ አራት ከሆኑ ስንት ስንት እንደሚደርሳቸው አንባቢ ይቁጠረው።

ቦታው ከማሳ ወደ «ደረጃ አንድ» ሲለወጥ ይህን ሁሉ ዋጋ የፈጠረው ማን ነው? ካርል ማርክስ በካፒታል ሦስተኛ ቅጽ ስለ ቤት መሥሪያ ቦታ ኪራይ ሲጽፍ፣ በዚህ ኪራይ ላይ ከምንም በላይ የሚፈርደው የቦታው አቀማመጥ መሆኑን፣ የመሬቱ ባለቤት ግን እጁን አጣጥፎ የሌሎች ድካም ፍሬ የሚደርሰው መሆኑን አስረድቷል። ከሶሻሊዝም ጋር ያልተስማማው አሜሪካዊው ሄንሪ ጆርጅም እ.ኤ.አ. በ1879 ባሳተመው መጽሐፉ ከዚሁ ድምዳሜ ደርሷል። ባሕር ዳርን እንይ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤቱና የጢስ አባይ የኤሌክትሪክ ጣቢያ በ1950ዎቹ ሲሠሩ፣ ያችን በጊዮርጊስ ደብር ዙሪያ የነበረች መንደር ወደ ከተማነት የለወጣት የወዛደሩ ክንድ ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የአባይ ድልድይ የተሠራው ከሕዝብ በተሰበሰበ ገንዘብ ነው። ድልድዩ ሲከፈት በማዶ ያለው ቦታ ሁሉ ዋጋው ተነሣ፤ ለዚህ ዋጋ መነሣት አንዳች ድንጋይ ያላቀበለ ሰው ግን ቀድሞ ቦታ በመያዙ ብቻ ይከብራል። የሊዝ ሥርዓት ፍትሐዊ የሚሆነው ይህን ዋጋ ለጋራ መገልገያ ሲመልሰው ነው። ሳይመልሰው ሲቀር፣ በ1967 ዓ.ም. ከባላባቱ እጅ የወጣውን ኪራይ ለአዲስ ባላባት ማስረከብ ነው።

በዚህ ረገድ ሌላው ዓለም ምን እንዳደረገ ብናይ አይከፋም። በአሜሪካ መሬት ለመሸጥ ብቻ ተብሎ የአስተዳደር ወረዳ ይቋቋም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1800 የወጣው ሕግ በኦሃዮ ምድር አራት የመሬት ጽሕፈት ቤቶችን በሲንሲናቲ፣ በቺሊኮቲ፣ በማሪዬታና በስቱበንቪል አቋቋመ። ዝቅተኛው ዋጋ ለአንድ ኤከር 2 ዶላር ሲሆን፣ የሚሸጠው ትንሹ ቁራሽ 320 ኤከር ማለትም በእኛ ልኬት ከ3 ጋሻ በላይ ነበር። ድሃው ገበሬ ይህን ለመግዛት አቅም ስላልነበረው አትራፊው ነጋዴ በዱቤ እየገዛ ቆራርጦ ሸጠለት። ዱቤው በዕዳ ሲያልቅ እ.ኤ.አ. በ1820 ዱቤ ተሽሮ ቁራሹ ወደ 80 ኤከር፣ ዋጋውም ወደ 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ዝቅ አለ። «የሕዝብ መሬት» የተባለው መሬት በመጀመሪያ የማን ነበር ካልን ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1795 በግሪንቪል ስምምነት እንዲለቁ የተገደዱት የሀገሬው ነገዶች ነበር። የወረዳው ካርታ ሲሣል እነርሱ በካርታው ላይ አልነበሩም።

ይህ ሁሉ የሚነቀፍ ነው። ሆኖም ከዚያ ሥርዓት አንድ ነገር ትኩረታችንን ስቧል። በእያንዳንዱ የመሬት ወረዳ ሁለት ሹማምንት ነበሩ፤ አንዱ መዝጋቢ፣ ሌላው ገንዘብ ተቀባይ። ስም የሚጽፈው ብር አይነካም፤ ብር የሚቀበለው ስም አይጽፍም። ሁለቱም መዝገባቸውን ለየብቻ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይልኩ ነበር። ሌብነቱን ይህ ፈጽሞ አላጠፋውም፤ ሌባው ግን ቢያንስ ተባባሪ መፈለግ ነበረበት። በእኛ ዘንድ ቦታውን የሚለየው፣ የሚሸነሽነው፣ የሚያጫርተው፣ ካርታ የሚሰጠውና ገቢውን በበጀቱ የሚያስገባው ብዙ ጊዜ በአንድ ጣሪያ ሥር ነው። የሻጭና የዳኛ ወንበር አንድ ሲሆን ነዋሪው ለማን አቤት ይበል?

በካርታ ላይ ስላልነበሩ ሰዎች ካነሣን፣ ራቅ ሳንል በጣና ዳር እንቁም። ነገደ ወይጦ ከደንገል ታንኳ እየሠሩ፣ ዓሣ እያጠመዱ በሐይቁ ጠርዝ የኖሩ ሕዝብ ናቸው። በርስት ዘመን ርስት አልነበራቸውም። የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ለሁሉም እኩል መብት ቢያውጅም፣ ከሐይቁ ዳር የሚኖር ዓሣ አጥማጅ የሚታረስ ማሳ ስለሌለው ብዙ አላተረፈም። ከተማይቱ ስትሰፋና የሐይቁ ዳርቻ ለሆቴልና ለመዝናኛ ተፈላጊ ሲሆን እነርሱ ወደ ኋላ ተገፉ፤ ደንገሉም እየሳሳ ሄደ። የገበሬው ምርት በ15 ይባዛል፤ የሐይቁ ጠርዝ በምን ይባዛል? የይዞታ ደብተር የሌለው ሰው በመነሻው ስሌት ውስጥ አይገባም። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ሲመዘገብ ለተፈጥሮው ትልቅ ነገር ተደርጎለታል፤ በዳርቻው ለሚኖረው ሰው የሚሆን መዝገብ ግን ገና መከፈት አለበት።

ሌሎች ከተሞችም ከዚሁ ፈተና አላመለጡም። በአዲስ አበባ በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተቆርጦ ለሚ ኩራ 11ኛው ክፍለ ከተማ ሆኖ ተቋቋመ። በዙሪያዋ ደግሞ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላንን የመሳሰሉ ከተሞች ሸገር በሚባል አንድ ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለሉ፤ በ2015 ዓ.ም. በዚያ የተካሄደውን የቤት ማፍረስ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን መርምሮ ቅሬታውን አሰምቷል። የእያንዳንዳቸው ታሪክ የራሱ ጽሑፍ ስለሚያስፈልገው እዚህ አናብራራውም።

ወዛደሩና የቀበሌው ነዋሪ ከዚህ ሁሉ ምን ይያዝ? የሊዝ አዋጁን ማንበብ የሕግ ባለሙያ ብቻ ሥራ አይደለም። የ2004 ዓ.ም. አዋጅ ለጨረታ የሚወጣ የቦታ ዕቅድ ለሕዝብ ይፋ እንዲሆን፣ አሠራሩም ግልጽነትና ተጠያቂነት እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። እንግዲህ በማንኛውም ክፍለ ከተማ ቢሮ ግድግዳ ላይ ከካርታው ጎን መሰቀል ያለበት ሌላ ወረቀት አለ፤ በዚህ ዓመት ስንት ካሬ ሜትር ተወሰደ፣ ከማን ተወሰደ፣ በስንት ካሳ፣ ለማን በጨረታ፣ ለማን በምደባ ተሰጠ፣ ስንት ብር ገባ፣ ከዚያ ብር ስንት ሜትር ቦይ ተቆፈረ የሚል። ጨረታ ቢያንስ ዋጋው ይሰማል፤ ምደባ ግን በዝግ ቤት ሊያልቅ ስለሚችል ከሁሉ በላይ ዓይን የሚያስፈልገው እርሱ ነው። ወሰን ከመለወጡ በፊት የሚለወጥበት መንደር ስብሰባ ይጠራ፤ ቃለ ጉባኤው ይጻፍ፤ የተቃወመ ሰው ስሙ ይመዝገብለት። የወይጦ ዓሣ አጥማጅ ደብተር ባይኖረውም አፍ አለው፤ ይናገር።

እንዲህ ያለ ወረቀት ግድግዳው ላይ ካልተሰቀለ፣ የቀበሌው ሰው ቢሮው በር ላይ ደርሶ ሊያነሣው የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ «ተራዬ መቼ ነው?» የሚል አይደለም። ካርታውን በጣቱ እየጠቆመ፣ በማዶ በኩል አዲስ የተጨመረችውን ቁራሽ፣ ትናንት የማን እንደ ነበረች ይጠይቅ።